ሁሉም በእናቴ ስም ገቡ

ለቡ ከገባን ጀምሮ እናቴ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የማያውቋት ሰዎች እንዳይቀብሯት። የአራተኛ ፎቅ ደረጃው አይደለም፣ የውኃው መጥፋትም አይደለም። ሽንኩርት እየከተፈች፣ ስለ ነገ አስቤዛ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብላ፣ «እኔ ስሞት ማን ይመጣል?» ትለኛለች። መልስ አትጠብቅም።

ያደግኩት መካኒሳ አቦ ነው። ሰፈራችን ሲፈርስ ጎረቤቱ ተበታተነ፤ አንዳንዱ እዚያው አካባቢ ተከራይቶ ቀረ፣ አንዳንዱ ነፋስ ስልክ ዘመድ ተጠግቶ ገባ፣ ለእኛና ለተወሰኑ ሰዎች ለቡ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ደረሰን። እድሩ ግን መካኒሳ ቀረ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ትልልቁ ብረት ድስት ሁሉ በድሮው መጋዘን ነው። ጥሩምባ ነፊውም እዚያው ናቸው። ሰው ሲሞት በማለዳ ተነሥተው፣ ጥሩምባቸውን ነፍተው፣ የሟቹን ቤት ይለፍፋሉ። ድምፃቸው ቢበዛ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ለቡ አይደርስም።

ግድግዳ ተጋርተን የኖርናቸው ሴት፣ የእናቴ የልብ ጓደኛ፣ ሲሞቱ እናቴ አልሰማችም። የሰማችው ከተቀበሩ በኋላ ነው፤ ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች የድሮ ጎረቤት፣ የምታውቅ መስሏት፣ «ያንቺስ ሐዘን እንዴት ነው?» አለቻት። እናቴ ቤት ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አፈር እንኳ ሳላለብሳት» አለች።

ብዙም ሳይቆይ የእድሩ ዳኛ ስብሰባ ጠሩና፣ ራቅ ብለው የሄዱትን አባላት በክብር እናሰናብት፣ በሄዱበት ሰፈር እድር ይግቡ፣ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ዳኛው ክፉ ሰው አይደሉም። የሞተበት ሰው ቤት ወንበሩ ባዶ ሲሆን የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው። እናቴ ግን ከስብሰባው ስትመለስ፣ «ከእድሬ ካስወጡኝማ ሳልሞት ገነዙኝ» አለች።

እኔ ድረ ገጽ መሥራት ለብቻዬ የተማርኩ ነኝ። ቀን ቀን ነፋስ ስልክ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ ሰው በማይበዛበት ሰዓት የሱቁን ኮምፒዩተር እጠቀማለሁ። ብዙ አልናገርም። በዚያ ሳምንት ግን ዳኛውን ቤታቸው ድረስ ሄጄ አናገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ለእድሩ ድረ ገጽ ልሥራ።»

«ምን ያደርግልናል?»

«ሐዘን የደረሰበት ሰው ስልኩ ላይ አንድ ቁልፍ ይጫናል። ወዲያው ለሁሉም እድርተኛ አጭር መልእክት ይሄዳል፤ የማን ቤት እንደሆነ፣ የት እንደሆነ። ለቡም ይደርሳል፣ ነፋስ ስልክም ይደርሳል።»

ዳኛው አጠገባቸው ወደተቀመጡት ጥሩምባ ነፊ ዞሩ። «ሰማህ? ሊያባርርህ ነው የመጣው።»

«ያባርረኝ፤ ጥርሴም እያለቀ ነው፣ ጥሩምባው በጎን ያፈስብኛል» አሉ ጥሩምባ ነፊው።

ዳኛው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁን ተዉት። «እሺ። እስከሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ይሥራ። ከሠራ ማንም አይሰናበትም። ካልሠራ ግን፣ አንተ ልጅ፣ እናትህን ቁጭ አድርገህ የምትነግራት አንተ ነህ።»

ተስማማሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

ቁልፉን መሥራት ቀላል ነበር። መልእክቱን መላክም ቀላል ነበር። የከበደው ቁልፉን የሚጫነው ማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ማንም መንገደኛ ገብቶ የውሸት መርዶ እንዳይልክ፣ አባሉ መጀመሪያ መታወቅ አለበት። የይለፍ ቃል አውጡ ብላቸው ግማሾቹ በማግስቱ ይረሱታል፤ እናቴ የቤቱን ቁልፍ ራሱ በአንገቷ ካላንጠለጠለች ትረሳዋለች። ስለዚህ በሦስተኛ ወገን በኩል ለማስገባት ወሰንኩ። ነገሩ እንደ ዋስ ነው። እኔ ሰውየውን አላውቀውም፤ ስልኩ ላይ ያለውን ኢሜይል የሰጠው ድርጅት ግን ያውቀዋል። እኔ ወደዚያ እልከዋለሁ፤ እነሱ «አዎ፣ የዚህ ኢሜይል ባለቤት ነው» ብለው መልሰው ይልኩልኛል። አባሉ የሚያደርገው አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው። የሁሉም ሰው ስልክ ላይ ኢሜይል አለ፤ ያለዚያ ስልኩ አዲስ ነገር አያወርድም። እንዲህ ብዬ አስቤ በጣም ተደሰትኩ።

መጀመሪያ ላይ ድርጅቱ ጭራሽ አልቀበል አለኝ። ሰውን ወደ እኔ የሚመልስበትን አድራሻ፣ «የመመለሻ አድራሻው አይመሳሰልም» ይላል። ሁለቱን አድራሻ፣ ለነሱ ያስመዘገብኩትንና ኮዴ ውስጥ የጻፍኩትን፣ አንዱን ከሌላው በላይ አድርጌ በትልቁ አተምኳቸውና ፊደል በፊደል በእርሳስ እየነካሁ አነበብኩ። አንደኛው መጨረሻ ላይ አንዲት ያዘመመች መስመር አለች፤ ሌላው የለውም። ያቺን መስመር አጠፋሁና ተቀበለኝ።

ከዚያ ግን የባሰው መጣ። ቁልፉን እጫናለሁ፤ ወደ ኢሜይሉ ድርጅት ይወስደኛል፤ ድርጅቱ «አዎ፣ እሱ ነው» ብሎ ይመልሰኛል፤ የእኔ ድረ ገጽ ደግሞ እንደማያውቀኝ ሰው መልሶ የመግቢያው ገጽ ላይ ያቆመኛል። እንደገና እጫናለሁ፤ እሄዳለሁ፤ እመለሳለሁ፤ በሩ ላይ እቆማለሁ። ስህተት የሚል ቃል የለም። ቀይ ጽሑፍ የለም። ስህተት የሚነግርህ ነገር ቢያንስ ሊያናግርህ ፈልጓል። ይሄ ዝም ብሎ ይመልሰኛል።

ለምሳ ዕረፍት የሚሰጠኝን ጊዜ ሁሉ እዚያ ላይ ጨረስኩ። ጠዋት ሱቁን ከሌሎቹ ቀድሜ እከፍታለሁ፤ መጥረግ ትቼ እሱን እሞክራለሁ። ኢንተርኔት ላይ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጠየቅኩ፤ አንዱ «መመሪያውን አንብብ» ብሎ መለሰልኝ። መመሪያውን አንብቤ አትሜዋለሁ፤ ገጾቹ ጥግ ጥጋቸው ታጥፎ ትራሴ ሥር ነው። ስብሰባው እየቀረበ ነው። አንድ ማታ እራቴን ትቼ መመሪያውን እንደገና ሳነብ አመሸሁ። እናቴ ሳህኑን እንደሞላ ስታነሣው፣

«የታመመው ኮምፒዩተሩ ነው ወይስ አንተ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ እማዬ።»

«ለኔ ብለህ ከሆነ ተወው። ያው የትም ያለ አፈር አፈር ነው።»

ይህን ያለችው እኔን ለማሳረፍ ነው። እኔን ግን ጨርሶ ጣለኝ፤ ተስፋ መቁረጥ መጀመሯን ነው የሰማሁት።

ሚድልዌር የሚባል ነገር አለ። በውጭው በርና በውስጥ ክፍሎቹ መካከል የሚቆም፣ የሚገባውን ሁሉ የሚጠይቅ የፕሮግራም ክፍል ነው፤ እንደ ዘበኛ። አንድ ብቻ አይደለም፤ በሰልፍ የቆሙ ናቸው፣ ሰው በሁሉም ፊት ያልፋል። መገመት ሰለቸኝና እያንዳንዱ ዘበኛ ሰው ሲያልፍ የሚያደርገውን አንድ መስመር እንዲጽፍ አደረግኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የአንዲት ሴት መታወቂያ ኮፒ ማሽኑ ላይ እያለ፣ መስመሮቹን ተራ በተራ አነበብኩ። «ማን እንደሆነ አልታወቀም፣ ይመለስ» የሚለው ቀድሞ ነው የተጻፈው። «የመግቢያ ካርዱ ተነበበ» የሚለው ከሱ በታች ነው። ካርድ አንባቢውን ከጠያቂው ኋላ አቁሜዋለሁ። ሰውየው ድርጅቱ ካረጋገጠለት በኋላ የተሰጠውን ካርድ በእጁ ይዞ መጥቷል፤ ካርዱን የሚያነብለት ዘንድ ሳይደርስ ነው የሚባረረው።

አንዱን መስመር ከሌላው በላይ አነሣሁት። ጫንኩ። ሄደ። ተመለሰ። ገባ።

እንባዬ መጣ። ሴትየዋ ደነገጠች። «ወንድሜ፣ መታወቂያዬ ተበላሸ እንዴ?»

«አይ፣ ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል? ፎቶዬ ነው?»

ከስብሰባው በፊት ባለው እሑድ እድርተኛው ሁሉ መካኒሳ መጋዘኑ በር ላይ ለሙከራ ተሰበሰበ። በእናቴ ስልክ ቤት ሳለን ቀድሜ ገብቼ ስሟንና ቤቷን ሞልቼላታለሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ኢሜይል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ድረ ገጹ ስሙንና ቤቱን ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ኢሜይል ባየ ቁጥር ሰውየውን ያውቀዋል፣ ዳግመኛ አይጠይቅም። ሰዉ ስልኩን እያወጣ መጫን ጀመረ። ጥቂቶቹን ስም ጠየቃቸው። አብዛኞቹን ምንም ሳይጠይቅ አስገባቸው።

«እኔን ዝም ብሎ አስገባኝ!» አሉ ልብስ ሰፊው። ወላይታ ተወልደው መካኒሳ ያረጁ፣ ሱቃቸው ከመፍረስ የተረፈላቸው ሰው ናቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘውታል፤ መነጽራቸው ስፌት መኪናቸው ላይ ቀርቷል። «ባንክ ስሄድ የአያቴን ስም ሳይቀር ነው የሚጠይቁኝ። ይሄ ግን ጨዋ ነው፣ ሰው ያከብራል።»

«ፊትዎን አይቶ ነው ጋሼ» አለ አንዱ።

«ፊቴንማ ቢያይ መቼ ያስገባኝ ነበር!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ምናልባት ትናንት ማታ ሞክረው ስማቸውን ሞልተው ይሆናል ብዬ አለፍኩት፤ የድረ ገጹን አድራሻ በዋዜማው ነበር የላክሁላቸው። ልንበተን ስንል ከነፋስ ስልክ የመጡ አንዲት ሴት ክንዴን ያዙኝ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ስከፍተው ‹እንኳን ደህና መጡ› ብሎ የእናትህን ስም ይጠራኛል።»

በዚህ ሙያ ውስጥ ከዚህ የሚያስፈራ የለም፤ አንዱ ሰው በሌላው ካርድ መግባቱ። የተቀመጠ አሮጌ ገጽ መሆን አለበት አልኩ፤ ድረ ገጹ ለእናቴ ያሳየውን ገጽ አስቀምጦ ለሌላው እየሰጠ ነው። ሰኞ ጠዋት ዘበኞቹን አንድ በአንድ መረመርኩ። ምንም ገጽ እንዳይቀመጥ የሚከለክል አዲስ መስመር ጨመርኩ። ከዚያ በራሴ ኢሜይልና ለዚሁ ብዬ በከፈትኩት ሌላ ኢሜይል፣ በሁለት ስልክ፣ እያፈራረቅኩ ገባሁ። አንዱ በአንዱ ስም አልገባም። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ትክክል ነው። ውስጤ ግን አላመነም። ዳኛው ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ይጨመርልኝ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ።»

«ሰው ለመሞት ያንተን ሳምንት ይጠብቃል?» አሉኝ። «እሑድ ዕለት ስንቱ አመሰገነህ። ከዛሬ ጀምሮ ሥራ ላይ ነው ብያለሁ።»

ከዚያ በኋላ በነበረው ቀን ነፋስ ስልክ መብራት ከማለዳ ጀምሮ ጠፋ። ያለ መብራት ፎቶ ኮፒ የለም። ስልኬም ሌሊቱን ሳይሰካ ነው ያደረው፤ ሱቅ ስደርስ እሰካዋለሁ ብዬ ነበር፣ ጠፋ። ባለቤቱ ረፋድ ላይ «ሂድ በቃ፣ ዛሬ አይመጣም» ሲለኝ በታክሲ ወደ ለቡ ተመለስኩ።

ወደ ሕንፃችን ስጠጋ የድሮ ጎረቤቶቼን አየሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ ጋቢ ደርበው ደረጃው ሥር ቆመዋል። ጥሩምባ ነፊው ጭምር አሉ። እነዚህ ሰዎች ለቡ መጥተው አያውቁም። በዚህ ደረጃ ከሚወጡት ደግሞ የእኛ እድርተኛ የሆነ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

እማዬ ሞተች ብዬ አሰብኩ። እግሬ መሄዱን አላስታውስም። የማስታውሰው ሰዎቹ ዞረው ሲያዩኝ ፊታቸው የሆነውን ነው። አንዲት ሴት እጇን በአፏ ላይ ጫነች። አንድ ሽማግሌ ወደ ኋላ አሉ።

«ይሄ... ይሄ ልጁ አይደለም እንዴ?»

«እናቴ የት ናት?»

ከላይ ድምጿ ተሰማ። ማልቀስ አልነበረም፤ አንድ ጥያቄ ደጋግማ ትጠይቃለች። «ልጄን ምን አደረጋችሁት? የት ነው ያለው? ንገሩኝ!»

የሆነውን በኋላ ነው የገጣጠምኩት። ለሁሉም እድርተኛ መልእክት ደርሷል፤ የእናቴ ስም አለበት፤ ሐዘን ደርሶባቸዋል፣ ቤታቸው ለቡ መብራት ኃይል ይላል። ማን እንደሞተ አይልም። እናቴ ከእኔ ሌላ ማንም እንደሌላት ግን ሁሉም ያውቃል። ሰዎቹ ታውቃለች ብለው ነው የመጡት፤ በሩን ከፍታ ረጋ ብላ ስታያቸው ደግሞ ገና አልተነገራትም ብለው ዝም አሉ። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይመጣሉ፣ ወዲያው አይናገሩም። እሷም ይህን ታውቃለች። ተሰብስበው በሯ ላይ ሲቆሙ ሊነግሯት የመጡት ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግራት ገባት። ስልኬን ደወለች። አይሠራም። እንደገና ደወለች።

መልእክቱ ለሷ አልደረሳትም። ሐዘንተኛው ራሱ መልእክቱ እንዳይደርሰው ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሰው የራሱን ሐዘን በስልክ ጽሑፍ ማንበብ የለበትም ብዬ፣ ለዚህ ብቻ የሚሆን መስመር ጽፌ ነበር።

ደረጃውን ወጥቼ በሩ ላይ ስታየኝ አልጮኸችም። ከያዟት ሴቶች እጅ ወጣችና መጣች፤ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች፤ ጆሮዬን፣ ትከሻዬን፣ ክንዴን እየዳሰሰች ወረደች፤ ልብስ ስትገዛ ስፌቱን እንደምትፈትሽ። ከዚያ ተያይዘን ወለሉ ላይ ተቀመጥን።

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ዳኛው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። እኔን እያዩ አፋቸውን ሲከፍቱ ስልካቸው ጮኸ። አንስተው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ልብስ ሰፊው ናቸው። ክፍሉ ጸጥ ስላለ ድምፃቸው ለሁላችንም ተሰማ።

«ዳኛ፣ ምን በድዬ ነው? ወንድሜ ሞቶ አንድ ሰው እንኳ በሬን አይረግጥም? ቁልፉን በማለዳ ተጭኜዋለሁ። ሀገር ቤት ለቀብር የሚወስደኝ መኪና መጥቶ ቆሟል። ሰው ሳላይ ልሂድ?»

ሐዘንተኛው ባዶ ቤት ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ ሐዘን በሌለበት ቤት ሁላችንም ተሰብስበናል። ያንን ያደረገው እኔ የሠራሁት ነገር ነው። በዚያች ቅጽበት ያለኝን ኮድ ሁሉ ብደመስሰው፣ የነካሁት ኮምፒዩተር ሁሉ ቢቃጠል፣ የሚበቃኝ አልመሰለኝም።

ቀድማ የተነሣችው እናቴ ናት። ነጠላዋን ከወለሉ አንሥታ አራገፈች፤ አዘቅዝቃ ለበሰች።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ተነሡ እንጂ። ሰውየው ብቻውን ነው።»

«እትዬ፣ አንቺ አረፍ በይ፣ ደንግጠሻል» አሏት ሴቶቹ።

«መደንገጡን ታክሲ ውስጥ እደነግጣለሁ» አለች።

አስፋልቱ ላይ ያገኘነውን ሚኒባስ ሁሉ ሞላን። አንዱ ረዳት «ሠርግ ነው?» ብሎ ጠየቀና የነጠላውን አለባበስ ሲያይ አፈረ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ እጅጌዬን ጨምድዳ ይዛለች፤ መካኒሳ እስክንደርስ አልለቀቀችውም። ዳኛው በስልክ ልብስ ሰፊውን «መኪናውን አቆየው፣ መንገድ ላይ ነን፣ ሁላችንም» እያሉ ነበር።

ልብስ ሰፊው ሱቃቸው ደጃፍ ላይ፣ ስፌት መኪናቸው አጠገብ፣ ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ስንደርስ ተነሡ። እናቴ ቀድማ ሄዳ አንገታቸውን አቅፋ አለቀሰች፤ አይታው ለማታውቀው ለሰውየው ወንድም ይሁን፣ ለራሷ የጠዋት ድንጋጤ ይሁን፣ ለዚያች ሳትቀብራት ለቀረች ጓደኛዋ ይሁን፣ አላውቅም። ለሁሉም ይመስለኛል። ከዚያ ሁሉም አለቀሰ። ሰውየው መኪናው ውስጥ የገቡት እድርተኛው በሙሉ ከብቧቸው ቆሞ ነው።

መኪናው ከመነሣቱ በፊት ልብስ ሰፊው በመስኮቱ ስልካቸውን ሰጡኝ። «እየው ይሄን ነገር። እኔ የራሴን ነው የተጫንኩት።»

ከፍቼ ስልኩ ላይ ያለውን ኢሜይል አየሁ። ከዚያ የእናቴን ስልክ ተቀብዬ አየሁ። ያው ኢሜይል ነው፤ ፊደል በፊደል። ከነፋስ ስልክ የመጡትን ሴት ስልካቸውን ለመንኳቸው። ያው ነው።

«ይሄን ኢሜይል ማን ነው ያወጣልዎት?»

«ስልኩን ስገዛ ልጁ ነዋ» አሉ ሴትየዋ። «አቦ ጋ ያለው ስልክ ቤት። ‹ኢሜይል አለዎት?› አለኝ። ‹እሱ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?› አልኩት። ‹ተዉት እናቴ፣ እኔ አስገባልዎታለሁ› አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው።»

«እኔም ከሱ ነው የገዛሁት» አለ አንዱ።

«እኔም።»

ስልካቸውን እያወጡ ወደ እኔ ዘረጉ፤ ከበቡኝ። አንዱን ከሌላው እየተቀበልኩ አየሁ። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ኢሜይል ነው የሚኖረው። ድረ ገጼ ኢሜይሉን ሲያይ መጀመሪያ የተዋወቃትን እናቴን አየ፤ ሁሉንም እሷ ናቸው ብሎ ያለ ጥያቄ አስገባ። ዘበኞቹ አልተሳሳቱም፤ ዋሱም አልዋሸም። እኔ በራሴ ሁለት ኢሜይሎች ብሞክረው መቼም አላገኘውም ነበር።

ስልክ ቤቱን በማግስቱ ሄጄ አየሁት። ልጁ በእድሜ እኩያዬ ነው። አልተቆጣሁትም። «ለምን አንድ ኢሜይል?» ብዬ ብቻ ጠየቅኩት።

«ሰዉ የሚፈልገው መዝሙር ማውረድ ነው» አለኝ። «ለእያንዳንዱ ብከፍት የይለፍ ቃሉን ማን ያስታውሳል? በማግስቱ ‹ስልኩ ተቆለፈብኝ› እያሉ እኔው ላይ ነው የሚመጡት።»

እኔም በሦስተኛ ወገን በኩል ላስገባቸው ስወስን ልክ ይህንኑ ነበር ያሰብኩት።

ያንን የመግቢያ ቁልፍ አነሣሁት፤ ስንት ምሳ ያለፈበትን፣ ያለቀስኩበትን መስመር ጨምሮ። አሁን አባሉ የእድር ቁጥሩንና ራሱ የመረጠውን አራት አሃዝ ያስገባል። የረሳ ዳኛው ጋ ይሄዳል። መልእክቱም ከመላኩ በፊት ጥሩምባ ነፊው ሐዘንተኛው ቤት ይደውላሉ፤ ድምፁን ሰምተው እውነት መሆኑን ሲያረጋግጡ ነው የሚሄደው። ይህን ያስገደዱት ዳኛው ናቸው፤ እኔም አልተከራከርኩም።

ጠቅላላ ስብሰባው ላይ የሚሰናበቱት ሰዎች ጉዳይ ሲነሣ ዳኛው ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ለቡ ሩቅ ነው ያልኩት እኔ ነበርኩ» አሉ። «ሄድን፤ አየነው። ያውም ማንም ላልሞተበት ቤት። በቃ ይሄ ነገር አይነሣ።» አንዳንዱ ሳቀ። ከሀገር ቤት የተመለሱት ልብስ ሰፊው አልሳቁም። እናቴም አልሳቀችም።

አሁን «ስሞት ማን ይመጣል?» አትለኝም። ያ ጥያቄ ከዚያ ቀን ወዲህ ቀርቷል፤ ማን እንደሚመጣ አይታለች፣ እስከ ደረጃው ሥር ድረስ ቆመው። በሱ ፈንታ ሌላ ነገር መጥቷል። ቀን ሥራ ላይ እያለሁ ትደውላለች። አሁን ስልኬ እንዳይዘጋ ተጠባባቂ ባትሪ ከኪሴ አይጠፋም።

«አለህ?» ትላለች።

«አለሁ እማዬ። ምነው?»

«ምንም። በሩ እየተንኳኳ ነው።»

ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ ሄዳ ትከፍታለች።